የድጓ ምልክትና የመርሳት ነገር
የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓን የገለጠ ሰው ከየመስመሩ በላይ ደቃቅ ፊደላት ተጽፈው ያያል። ድምፁ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል አይናገሩም። ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ከያዘው ሌላ ዜማ የተቀነጨቡ ስለሆኑ፣ «ይህንንም እንደዚያ በለው» ብለው ያሳስቡታል እንጂ። ይዘት፣ ደረትና ርክርክ የሚባሉት ምልክቶችም ቢሆኑ ከመምህር አፍ ላልሰማቸው ሰው ነጥብና ጭረት ብቻ ናቸው። ከቅዱስ ያሬድ ጀምሮ የሚቆጠረው ዜማ ለብዙ ዘመን በቃል ሲወራረስ ኖሮ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የግራኝ አህመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሎ ሊቃውንቱን ሲፈጅ ቅብብሎሹ ሊቋረጥ ደረሰ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ምልክቱን የሠሩት ከዚያ ጥፋት በኋላ ነው። መርሳትን ከማንም በላይ የፈሩ እነዚህ ሰዎች ዜማውን ራሱን ብራና ላይ ለማስፈር አለመሞከራቸው ትልቅ ማስተዋል ይመስለኛል። አንድ ጊዜ በደንብ የተያዘ ነገር የሚሰወረው የሚቀሰቅሰው ሲያጣ መሆኑን ተረድተዋል።

ዘመን ብቻውን አያስረሳም ወይ የሚል ይኖራል። ያስረሳል፤ ግን እንደምናስበው አይደለም። በ1885 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የለሽ ክፍለ ቃላትን እየሸመደደ ራሱን ሲፈትን፣ አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ሆኖ አገኘው። የተረሳውም እንደገና ሲጠና ከበፊቱ ባነሰ ጊዜ ተያዘ፤ ፈጽሞ ጠፍቶ ቢሆን ድካሙ እንደ አዲስ በሆነ ነበር። የአብነት ተማሪም የቃል ትምህርቱን ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳያይ እየደጋገመ የሚይዘው፣ የትናንቱን ሳይከልስ ወደ ዛሬው የማያልፈው መርሳት በሚበረታባቸው በእነዚያው ሰዓታት ነው። ይህን ልማድ ፍሬ ቢስ ሽምደዳ የሚሉት ሰዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው።

መቅረጸ ድምፅ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚለው ጥያቄ ይከብዳል፤ መምህሩ ተተኪ ሳያፈራ ሲሞት ምልክቱ ዲዳ ሆኖ ይቀራልና፣ ቅጂ ቢኖር ድምፁ ይተርፍ ነበር። መቀረጹን አጥብቄ እደግፋለሁ። ነገር ግን ማኅሌት ላይ መሪው ሲያነሣ ከአፉ ነጥቆ የሚቀጥለውን ሰው ቅጂ አይተካውም። የድጓ መምህር መሆን የሚሻ ሰው ዛሬም መጽሐፉን ይዞ ጋይንት፣ ቤተልሔም ድረስ ሄዶ በመምህሩ ፊት የሚያስመሰክረው ለዚህ ነው።