ዒድ የሕዝብ በዓል የሆነበት ታሪክ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ ዒድ አል-ፈጥር፣ ዒድ አል-አድሐ (ዓረፋ) እና መውሊድ ከአገሪቱ የሕዝብ በዓላት ተርታ ተቆጥረው ስናይ፣ ከጥንትም እንዲሁ የነበረ ይመስለን ይሆናል። እስልምና ወደ አገራችን የገባው ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ገና በመካ ሳሉ፣ ሰሓቦች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ነው። በዓሎቻችን በሕግ የታወቁት ግን ከዚያ ወዲህ ከ1,300 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1967 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ በፊት ሱቁ የራሱ የሆነ የመርካቶ ነጋዴ ዘግቶ ዒዱን ማክበር ይችል ነበር። ለመንግሥት ሠራተኛውና ለተማሪው ግን ቀኑ የሥራና የትምህርት ቀን ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ በአዲስ አበባ ሰላማዊ ሰልፍ ወጣ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓላት ይሁኑ የሚል ነበር። ሌላው ደግሞ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባላችን ቀርቶ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንባል የሚል ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በመሠረቱ አንድ ናቸው፤ እንግዳ በዓሉን ለብቻው ያከብራል፣ የቤት ልጅ በዓል ግን ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በዚያ ሰልፍ ክርስቲያን ወገኖቻችንም አብረውን ወጥተዋል፤ ይህን ለልጆቻችን ልንነግራቸው ይገባል። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሦስቱ በዓላት በአዋጅ ጸኑ።

ውድ አንባቢ፣ አዋጁ የዕረፍት ቀን ሰጥቶናል። የዒዱ ትርጉም ግን ከሃይማኖታችን የሚገኝ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ ሕዝቡ የሚጫወትባቸው ሁለት ቀናት ነበሩት፤ አላህ በእነዚያ ምትክ የተሻሉትን ሁለቱን ዒዶች እንደሰጣቸው ነገሯቸው። ስለሆነም መደሰት ራሱ የተፈቀደ፣ የተወደደም ነው።

ነገር ግን ደስታው ቅድመ ሁኔታ አለው። ለዒድ አል-ፈጥር፣ አቅም ያለው ሁሉ ስለ ቤተሰቡ አባል፣ ስለ ሕፃኑም ጭምር፣ በነፍስ ወከፍ አንድ ቁና (ሷዕ)፣ ማለትም አራት እፍኝ እህል፣ ሰው ወደ ሶላት ከመውጣቱ በፊት ለድኃ ያወጣል። «በፊት» የተባለው ድኃው በዚያን ቀን ሲለምን እንዳይውል፣ ከጀማዓው ጋር እኩል ተደስቶ እንዲሰግድ ነው። በዓረፋም የኡዱሒያው ሥጋ ለችግረኛ ይደርሳል።

እንግዲህ ራሳችንን እንጠይቅ። በዒድ ዋዜማ በመርካቶ የሸቀጥ ዋጋ የምንጨምር ከሆነ፣ ዓመቱን ሙሉ ዕቃችንን የተሸከመልን ሰውና በሱቃችን በር የሚያድረው ልጅ ዒድን በምን ያከብሩታል? አባቶቻችን በአገራቸው እንደ እንግዳ እንዳይታዩ ጠይቀው ይህን ቀን አስገኝተውልናል። እኛም በገዛ ዒዳችን ማንንም እንግዳ አናድርግ። ዘካቱል ፊጥራችንን በጊዜው እናውጣ፤ ጎረቤታችንንም፣ ሙስሊም ቢሆን ባይሆን፣ እንጠይቅ።

አላህ መልካም ሥራችንን ይቀበለን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።