የተከሰሰው 50 ቆርቆሮ ዕንቁላል

ዛሬ የምናወራችሁ ስለ አንድ የቆየ ክስ ነው። ተከሳሹ ሰው አይደለም፤ 50 ቆርቆሮ ዕንቁላል ነው። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ሂፖላይት የሚባል የዕንቁላል ኩባንያ ከሴንት ሉዊስ ከተማ ኢሊኖይ ግዛት ፒዮሪያ ላለ ዳቦ ቤት በቆርቆሮ የታሸገ ዕንቁላል ላከ። እንዳይበላሽ ተብሎ ቦሪክ አሲድ ተጨምሮበታል። ቤት የምታጸዱ ታውቁታላችሁ፤ በረሮ ለማጥፋት ጥግ ጥጉን የሚነሰነሰው ዱቄት ውስጥ ያለው ነው። መንግሥት ዕንቁላሉን ከዳቦ ቤቱ መጋዘን ያዘው።

ያኔ ይህን ዓይነት ነገር ምግብ ላይ መጨመር የተለመደ ነበር። የግብርና መሥሪያ ቤቱ ዋና ኬሚስት ሃርቪ ዋይሊ ግን እ.ኤ.አ. በ1902 ፈቃደኛ ወጣቶችን ዋሽንግተን ሰብስበው፣ እያበሉ ሞከሩት። የጀመሩትም በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ነው። ልጆቹ የምግብ ፍላጎታቸው ጠፋ፣ ሆዳቸውንና ራሳቸውን አመማቸው።

ሕጉን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሰኔ 30 ቀን 1906 ፈረሙበት፤ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 1907 ነው። ሰውን ከመቅጣት ሌላ ዕቃውን ራሱን መክሰስና መውረስ ይፈቅዳል። እኔ የሕጉ ጥርስ ይሄ ነው እላለሁ። አምራቹ ሩቅ ነው፣ ጠበቃም አለው፤ ቆርቆሮው ግን እዚሁ ተቀምጧል፣ ሳይበላ መያዝ ይቻላል። (ኋላ 40 በርሜል ኮካ ኮላም በዚሁ መንገድ ተከሷል።)

ኩባንያው ምን ብሎ ተከራከረ? ዕንቁላሉ መንገዱን ጨርሷል፣ የግዛት ድንበር ተሻግሮ ገብቷል፣ ደግሞም ለዳቦ መጋገሪያ እንጂ ለሽያጭ አልተቀመጠም፤ ስለዚህ የፌዴራል መንግሥት አያገባውም አለ። እስኪ አስቡት፣ ይህ ቢያልፍ ኖሮ ቆርቆሮውን ቶሎ ዳቦ ቤት ማድረስ ብቻ ይበቃ ነበር። ዳቦ የሚገዛ ሰው የዕንቁላሉን ቆርቆሮ የት ያየዋል? ሊጡ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያውቃል?

ፍርድ ቤቱ በመጋቢት 1911 አልተቀበለውም። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ማኬና እንዲህ ያለውን ዕቃ ከሕግ የወጣ፣ በእኛ አነጋገር የሸፈተ ዕቃ አድርገው ነው ያዩት። ሽፍታ ደግሞ መጋዘን ገባሁ ብሎ አያመልጥም። ኩባንያው የክሱን ወጪ እንዲከፍል የተፈረደበትም ጸና።

ሕጉ ቀዳዳ ነበረው። እዚያው ግዛት ውስጥ ተመርቶ እዚያው የሚሸጠውን አይነካም፤ ያ ለየግዛቱ ሕግ የተተወ ነበር።

ሌላም አለ፣ እኛን የሚመለከት። ሕጉ እንዲወጣ ከገፉት ነገሮች አንዱ የስደተኛ ሠራተኞች ታሪክ ነው። ጸሐፊው አፕተን ሲንክሌር ቺካጎ የሥጋ ፋብሪካዎች ዘንድ ሰባት ሳምንት ቆይተው፣ ከሊትዌኒያ ስለመጡ ሠራተኞች ስቃይ "ዘ ጃንግል" የሚል ልብ ወለድ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1906 መጽሐፉ ሲወጣ አንባቢው የደነገጠው ግን ስለሚበላው ሥጋ ነው። የሥጋ ቁጥጥር ሕጉና የምግብ ሕጉ በአንድ ቀን ተፈረሙ። ስለ ሠራተኞቹ ደሞዝና የሥራ ሰዓት ግን በሁለቱም ውስጥ አልተጻፈም።