የዲላና የጌዴኦ የኑሮ ፎቶግራፎች

የዲላና የጌዴኦ የኑሮ ፎቶግራፎች በዛሬው ጌዴኦ ዞንና በመቀመጫው በዲላ ከተማ ካለፈው አንድ ምዕት ዓመት ገደማ ወዲህ የተነሡ፣ የነዋሪውን እርሻና ገበያ፣ ቤትና ጓዳ፣ ሠርግና ትምህርት ቤት የሚያሳዩ ፎቶዎች ናቸው። አንድ ቤት የተሰበሰቡ አይደሉም። ከፊሎቹ በአውሮፓ የምርምር ተቋማትና በሚሲዮን መዛግብት፣ ከፊሎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባስተማሩ የውጭ ዜጎች እጅ፣ ሌሎቹ ደግሞ በየቤቱ አልጋ ሥር ባለ ሳጥንና በሳሎን ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ አልበም ውስጥ ናቸው።

በጥቅሉ ሁለት ወገን ይሆናሉ። እንግዳ ያነሣው ፎቶ ሥራውን ያሳያል፣ ሠራተኛውን ግን በስም አይጠራም። ባለቤቱ ፎቶ ቤት ሄዶ የተነሣው ስም አለው፣ ሥራው ግን አይታይበትም፤ ከፍሎ ለሚነሣው ፎቶ ዶማ ይዞ የሚቆም ሰው የለምና። እስከ ዛሬ ሁለቱን ወገን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት የሚቻልበት ቦታ ስለሌለ የጌዴኦ ኑሮ በፎቶ የተተረከው በግማሽ በግማሹ ነው።

ቦታውና የስሙ ጣጣ

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከተማዋ 59 ሺህ ያህል፣ ዞኑ ደግሞ ወደ 850 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ነበራቸው። ዞኑ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። በንጉሡ ዘመን ግን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረ አውራጃ ነው፤ ስሙም «ጌዴኦ» ሳይሆን «ደራሳ» ይባል ነበር።

ይህ የስም ጉዳይ ለፎቶ ፈላጊ ተራ ነገር አይደለም። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስም በመንግሥት ወረቀት ላይ ቦታ ያገኘው ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተጻፉ የመዝገብ ካርዶች «ደራሳ» ወይም እንዲያው «ሲዳሞ» ነው የሚሉት። «ጌዴኦ» ብሎ የጠየቀ ሰው በር እንደተዘጋበት ይመለሳል። የአጠራር ልዩነትም አለ፤ ጀርመኖች «ዳራሳ» ብለው ጽፈዋል፣ ሌላው ሌላ። የጎረቤት ከተሞች ስምም ተለውጧል፤ በድሮ ፎቶ ጀርባ ላይ ያለው ሐገረ ማርያም ዛሬ ቡሌ ሆራ ነው።

ድንጋይ ፍለጋ የመጡት

ካሜራ ኢትዮጵያ የገባው በሰሜን በኩል ነው። በአገሪቱ መጀመሪያ ፎቶ አነሡ ከሚባሉት አንዱ ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1859 ነው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር የራሱን ፎቶ አንሺዎች ይዞ መጣ። በምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆኑ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወረሱ። በነዚህ ዘመናት ሌንሱ የሚያየው ዙፋኑን፣ መኳንንቱንና ቤተ ክርስቲያኑን ነበር። ጌዴኦ በ1880ዎቹ መጨረሻ በምኒልክ ጦር ተይዞ ወደ ግዛቱ ሲጠቃለል፣ ኋላም በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አስተዳደር መሬቱ ለነፍጠኛ፣ ገበሬው ለገባርነት ሲደለደል ካሜራው ገና ሩቅ ነበር።

መጀመሪያ የቀረበው ሰውን ሳይሆን ድንጋይን ፍለጋ ነው። በጌዴኦ ምድር በሺዎች የሚቆጠሩ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ በቱቱ ፈላ ሰው መሰል ቅርጽ ያላቸው፣ በጨልባ ቱቱቲ ደግሞ እንደ ግንድ ድብልብል ያሉ። ፈረንሳዊው የካፑቺን መነኩሴ ፍራንሷ አዛኢስ ከሮዤ ሻምባር ጋር በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የደቡብን ትክል ድንጋዮች እየዞሩ መዘገቡ፤ ሥራቸው ከሥዕል ጥራዝ ጋር እ.ኤ.አ. 1931 ታተመ። በእንዲህ ዓይነት ፎቶዎች ውስጥ ሰው የሚገባው ለመለኪያ ነው፤ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚረዝም እንዲታወቅ የአካባቢው ሰው አጠገቡ ይቆማል። ነገር ግን ያ ሰው ጋቢውን እንዴት እንደ ጣለ፣ ከኋላው ያለው እንሰት ምን ያህል እንደ ጎለመሰ፣ ጎጆው በምን እንደ ተከደነ ፎቶው ሳያስበው አብሮ አስቀርቷል። ለዛሬ አንባቢ ከድንጋዩ ይልቅ ጫፉ ላይ ያለው ይበልጣል፤ ድንጋዩማ አሁንም እዚያው ቆሟል።

ለሰው ኑሮ የቀረበው ስብስብ በፍራንክፈርት የሚገኘው የፍሮቤኒየስ ተቋም ስብስብ ነው። አዶልፍ ኤሌጋርድ ጄንሰን የመሩት ጓድ እ.ኤ.አ. በ1934–35 ደቡብ ኢትዮጵያን ዞረ፤ ከአባላቱ አንዱ ሠዓሊው አልፍ ባይርሌ ነበሩ። ውጤቱ «በገዳ ምድር» የሚል ትርጉም ባለው የጀርመንኛ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. 1936 ወጣ፤ ደራሳም አንዱ ክፍሉ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1950–52 እና በ1954–56 ሁለት ጉዞዎች ጨመረ። ከነዚህ ዘመቻዎች የተገኘው ፎቶና ሥዕል ዛሬ በተቋሙ ማኅደር ይገኛል።

የጄንሰን ጥያቄ ስለ ገዳ ሥርዓት፣ ስለ እምነትና ስለ ጥንታዊ ባህል ነበር። ካሜራ ደግሞ በአብዛኛው የሚመልሰው የጠየቁትን ነው። አዛውንቱ፣ የሥርዓቱ ዕቃና ትክል ድንጋዩ በጥንቃቄ ተነሥተዋል፤ በዚያው ዘመን ቡና እየጫነ፣ ጨርቅና ጨው እያራገፈ ዲላን ከተማ ያደረጋት ንግድ ግን «ጥንታዊ» ስላልነበር የጉዞው ዋና ጉዳይ አልሆነም። ባለ ቆርቆሮ ጣሪያውን ሱቅ ትቶ ባለ ሣር ክዳኑን ጎጆ መምረጥም አንድ ዓይነት ድርሰት ነው።

በጣሊያን ወረራ ዓመታት ሉቼ የተባለው የፋሺስቱ መንግሥት የፊልምና የፎቶ ተቋም በመላው ምሥራቅ አፍሪካ ሠርቷል። መንገድ፣ ድልድይ፣ ሰልፍ ይበዛበታል። ስለ ገበሬው ጓዳ ከዚያ ብዙ አይጠበቅም።

ሚሲዮኑ፣ አስተማሪውና ባለ ቀለም ስላይድ

ከነፃነት በኋላ የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን በዲላ ጣቢያ ከፍቶ በጌዴኦ ውስጥ በስፋት ሠራ። የሚሲዮን ፎቶ ተቀባዩ የታወቀ ነው፤ ባሕር ማዶ ሆኖ ገንዘብና ጸሎት የሚልከው ምእመን። ስለዚህ የክሊኒክ ወረፋ፣ የፊደል ክፍል፣ ጥምቀት ይደጋገማል። ቢሆንም ሚሲዮናውያኑ ቋንቋውን ተምረው ለዓመታት ስለሚቀመጡ የሰዎቹን ስም ያውቃሉ፤ አንዳንዴም ይጽፋሉ። ከውጭ ሰው ፎቶዎች መካከል ስም የማግኘት ዕድል ያለው እዚህ ነው።

በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን ወደ ኢትዮጵያ ገቡና በየአውራጃው ከተማ ተበተኑ። ወጣቶች ነበሩ፣ ትንሽ ካሜራ ያነግታሉ፣ የሚያነሡትም ለጥናት ሳይሆን ለእናታቸው ለማሳየት ነው። ለዚህም ነው ከሊቃውንቱ ይልቅ የእነሱ ፎቶ ለዕለት ኑሮ የሚቀርበው፤ የአውቶቡስ ጣራ ላይ የተጫነ ዶሮ፣ የጠላ ቤት ምልክት፣ ጭቃ የዋጠው ላንድሮቨር፣ በጆንያ ላይ የተሰጣ ቡና ያጓጓቸው ነበር።

ብዙዎቹ የሚጠቀሙበት ኮዳክሮም የተባለው ባለ ቀለም ስላይድ አንድ ጠባይ ነበረው። እንደ ጥቁርና ነጭ ፊልም ጨለማ ክፍል ውስጥ በሳህን አይታጠብም፤ ማጠቢያው ውስብስብ ስለሆነ ወደ ልዩ ላቦራቶሪ መላክ ነበረበት። ኢትዮጵያ ገበያ ላይ የተነሣ ሰው ምስል ባሕር ተሻግሮ ይታጠባል፣ በካርቶን ክፈፍ ገብቶ ይመለሳል ወይም እዚያው ይቀራል፤ በነጭ ግድግዳ ላይ የሚታየውም በሩቅ አገር ሳሎን ነው። የተነሣው ሰው አንድም ቀን ሳያየው ያረጀበት ስላይድ ጥቂት አይሆንም። ዓለም ላይ ኮዳክሮም ያጥብ የነበረው የመጨረሻው ቤት የሚገኘው በካንሳስ ግዛት ነበር፤ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ነው።

እዚያው አሜሪካ የተለየ አካሄድም ነበር። በነብራስካ ሰሎሞን በቸር የተባለ ፎቶ አንሺ ከ1886 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኩስተር ወረዳ የሣር ጡብ ቤት የሠሩ ሰፋሪዎችን ደጃቸው ላይ ከነላማቸው፣ ከነማረሻቸው፣ ከነኦርጋናቸው አሰልፎ በስማቸው ያነሣ ነበር፤ ከ3,000 በላይ የሆነው ስብስቡ በግዛቲቱ የታሪክ ማኅበር ተቀመጠ። ያም ፎቶ የተሰናዳ ነው፤ ሥራውና ስሙ ግን አንድ ክፈፍ ውስጥ ገብተዋል።

ፎቶ ቤት

የፎቶ ቤት ሙያ በአዲስ አበባ በአርመኖች እጅ ተጀምሮ ወደ ኢትዮጵያውያን ተላለፈ፣ ከዚያም መንገድና ገበያ ወዳለባቸው ከተሞች ወረደ። ዲላ ሁለቱም ነበሯት። ያገራችን ፎቶ ቤት መልኩ ተመሳሳይ ነው፤ ከፊት መስታወት ያለው ማሳያ፣ ከውስጥ ተራራ ወይም ሐይቅ የተሳለበት መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ማበጠሪያ ከመስታወት ጋር፣ ለሚቸግረው የሚዋስ ኮትና ክራቫት፣ ከኋላ ደግሞ ቀይ አምፖል የበራበት ጨለማ ክፍል። «አትንቀሳቀስ» ይባላል፤ በሦስተኛው ቀን «ና ውሰድ» ይባላል። ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚወጣው «ሙሉ ቁመት»፣ እስከ ደረት ያለው «ጉርድ» ነው።

የቡና አገር ፎቶ ቤት ወቅት አለው። ጌዴኦ ውስጥ ቀይ ቡና የሚለቀመው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ብሩ እጅ የሚገባው፣ ልብስ የሚገዛው፣ ሠርግ የሚደገሰውም ከዚያ ወዲህ ነው። ፎቶው ላይ የሚታየው አዲስ ጫማ፣ ክንድ ላይ ወደ ላይ የተጎተተ የእጅ ሰዓት፣ ጉልበት ላይ የተቀመጠ ራዲዮ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ቡና ነው። ቡናው ራሱ ግን ክፈፉ ውስጥ የለም። እንሰት የምትፍቀው እናት በፎቶ ቤቱ ወንበር ላይ የምትታየው በነጭ ቀሚስ ነው፤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ብትሸሽገውም የሥራው ምልክት ከዚያ አይጠፋም።

ሁለተኛው የፎቶ ቤት እንጀራ መንግሥት ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ጠየቀ፤ ትምህርት ቤት፣ ሚኒስትሪ ፈተና፣ የማኅበር ደብተርም እንዲሁ። ለውበት ብላ ፎቶ ተነሥታ የማታውቅ አሮጊት በቀበሌ ትእዛዝ ተነሣች። ለብዙ ቤተሰብ ከአያት የቀረው ብቸኛ መልክ ያ ጉርድ ነው፤ ከመታወቂያው ተልጦ፣ የማኅተሙ ቀለም ጉንጩ ላይ እንዳለ፣ ለቀብር ቀን በትልቁ ይታተማል።

ጀርባውን ማንበብ

የቤተሰብ ፎቶ ዋናው መረጃ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ነው። የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የተሰጠበት ቀንና «ለማስታወሻ» ብሎ የሚጀምረው ጽሑፍ ማን ለማን እንደ ሰጠ ይናገራሉ። ጽሑፍ ከሌለ ወረቀቱ ይመሰክራል። ጠርዙ እንደ መጋዝ የተከረከመ ጥቁርና ነጭ ኅትመት በአብዛኛው ከአብዮቱ በፊት ነው፤ ወደ ቀይ የዞረ ባለ ቀለም ኅትመት ደግሞ ከ1960ዎቹና 70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀለም በቶሎ መፍዘዝ ጋር ይሄዳል። የስላይድ ካርቶን ክፈፍ ላይ ብዙ ጊዜ የታጠበበት ወርና ዓመት ታትሟል፤ የተነሣበት ሳይሆን የታጠበበት መሆኑን ማስታወስ ነው።

የጌዴኦ አየር ለወረቀት አይመችም። እርጥበቱ ሻጋታ ያመጣል፣ የእሳት ጢስ ያጠቁራል፣ ሙጫ ያለው የፕላስቲክ አልበም ከፎቶው ጋር ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል። የተጣበቀውን ከመገንጠል ከነገጹ በስካነር ማንሣት ይሻላል፤ ለትንንሽ ፎቶ ቢያንስ በኢንች 600 ነጥብ፣ ጀርባውንም ጨምሮ። ሰው የሚረሳው ጀርባውን ነው።

በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ፣ በአብዛኛው ጌዴኦ፣ ከቤቱ ተፈናቀለ። በእሳት በጋየ ቤት ውስጥ አልበም ይተርፋል ተብሎ አይታሰብም። በዚያው ሰሞን የመጠለያ ድንኳኖች ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። ስለ ጌዴኦ ሰምቶ የማያውቅ ሰው መጀመሪያ ያየው ያንን ነው፤ አሁንም ሥራ ሳይሆን መከራ፣ አሁንም ያለ ስም።

የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1960 የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ ከልክሏል። ከሕግ ይልቅ ግን ጉዳዩን ወደፊት የገፋው ልማድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በወንጌል አበበ፣ በናፍቆት ገበየሁና በፊሊፕ ሹትስ የተጀመረው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የቤተሰብ አልበሞችን ባለቤቶቹ ፈቅደው፣ ታሪኩን ራሳቸው ተርከው በመጽሐፍ አውጥቷል። ዲላም ውስጥ ይህን ለማድረግ ስካነር፣ ሰፊ ጠረጴዛና የሚያዳምጥ ሰው በቂ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲም አላት።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የተመዘገበው ባዶ መሬት አይደለም፤ እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን ደራርቦ የሚያሳድገው የገበሬው እጅ፣ ትክል ድንጋዮቹና የባህል ሥርዓቱ አንድ ላይ ናቸው። ማንኛውም አገር ለዚህ መዝገብ ሲያመለክት የፎቶ ዝርዝር በተወሰነ ሰንጠረዥ ያቀርባል። ሰንጠረዡ ለመግለጫው፣ ለተነሣበት ቀን፣ ለአንሺው ስም፣ ለመብቱ ባለቤትና ለአድራሻው የየራሳቸው ዓምድ ሰጥቷል። ፎቶው ውስጥ ላለው ሰው ዓምድ የለውም፤ ስሙ ቢጻፍ የሚጻፈው መግለጫው ውስጥ ነው።