የግሎራንታ ጎሳዎችና የትረካቸው ባለ አደራዎች

ኪነ ጥበብ ከሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ተነጥሎ በባዶ አየር ላይ የሚበቅል ነገር አይደለም። ሰው ከእውኑ ዓለም የራቀ ሌላ ዓለም በምናቡ ሲፈጥር እንኳ የሚገነባበትን ድንጋይ የሚያመጣው ከሚያውቀው ኑሮ ነው፤ ከዘመድ አዝማድ፣ ከእርሻና ከከብት፣ ከቂምና ከእርቅ፣ ከገዥና ከተገዥ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ከሚሆኑት የ20ኛው መቶ ዓመት የፈጠራ ሥራዎች አንዱ በአሜሪካ የተወለደው ግሎራንታ የተባለው ምናባዊ ዓለም ነው። ግሎራንታ በአመዛኙ የሚታወቀው በመድረክ ወይም በፊልም አይደለም። ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ድርሻ ይዘው፣ በቃል እየተነጋገሩና ዳይስ እየጣሉ የሚጫወቱት ዓለም ነው። በዚህ ዓለም ውስጥ ጎሳና የዘር ሐረግ የያዙትን ቦታ መመርመር፣ አንድ ትረካ የማን ነው ለሚለው አከራካሪ ጥያቄም ብርሃን ይሰጣል።

የግሎራንታ ደራሲ ግሬግ ስታፎርድ የተወለደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የእውኑ ዓለም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተሰፈሩ ናቸው። ስታፎርድ በ1966 በዊስኮንሲን በሚገኘው የቢሎይት ኮሌጅ ተማሪ ሳለ፣ በጥንት ሕዝቦች አፈ ታሪክ ፍቅር ተመርቶ ስለ ራሱ ዓለም መጻፍ ጀመረ። ጽሑፉን የሚቀበለው አሳታሚ ሲያጣም ትረካውን ወደ ሰሌዳ ጨዋታ ለወጠው። በ1975 ኬኦሲየም የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፣ ርእሱ «ነጭ ድብና ቀይ ጨረቃ» የሚል ፍቺ ያለውን ይህንኑ ጨዋታ ራሱ አሳተመ። በ1978 ደግሞ ስቲቭ ፔሪንና ጓደኞቹ ያዘጋጁት ሩንኩዌስት የተባለው የገጸ ባሕርይ ጨዋታ በዚያው ዓለም ላይ ተመሥርቶ ወጣ።

ሩንኩዌስት ያመጣውን ለውጥ ለመረዳት ከርሱ በፊት የነበረውን ማስታወስ ይገባል። የዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ፈር ቀዳጅ በ1974 የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው። የዚያ ጨዋታ ጀግና በተለመደው አኳኋኑ ቤተሰብም አገርም የማይጠራው፣ ሰይፉን ታጥቆ ከመሬት በታች ሀብት የሚፈልግ ብቸኛ ጀብደኛ ነበር። በሩንኩዌስት ግን ሰው የሚታወቀው በሚያመልከው አምላክና በወገኑ ነው። የት ተወለድህ? የማን ልጅ ነህ? ማን ይበቀልልሃል? አንተስ የማንን ዕዳ ትከፍላለህ? የሚሉት ጥያቄዎች ከሰይፉ ስለት ይቀድማሉ።

ይህ በጉልህ የሚታየው ኦርላንት የተባለውን የነፋስና የማዕበል አምላክ በሚያመልኩት ሕዝቦች ዘንድ ነው። በነዚህ ሕዝቦች የኑሮ መሠረቱ ጎሳው ነው። ጎሳው ቱላ የሚባል የጋራ መሬት አለው፤ ጉዳዩን የሚመክርበት «ቀለበት» የሚባል ሸንጎ አለው፤ ዋይተር የሚባል ጠባቂ መንፈስም አለው። ሀብት የሚቆጠረው በላም ነው። ከጎረቤት ጎሳ ከብት መንዳት የጎበዝ ሙያ ሲሆን፣ ሰው ሲሞት የሚከፈለው የደም ዋጋ እንደ ሟቹ ማዕረግ ይለያያል። ሰው ከገዛ ጎሳው አያገባም፤ ስለዚህም ጋብቻ ጎሳን ከጎሳ ያስተሳስራል፤ ብዙ ጎሳዎች ተባብረውም ነገድ ይሆናሉ።

ይህ ሲባል ግን ጎሳው የእኩዮች ገነት ሆኖ ቀርቧል ማለት አይደለም። በጎሳው ውስጥ ባለ ማዕረግ አለ፤ የራሱ በሬና መሬት ያለው ገበሬ አለ፤ የሌላውን ከብት የሚጠብቅ ድኻ አለ፤ በአንዳንዱ ጎሳም ባሪያ አለ። በ1999 የወጣውና የግሎራንታን ጎሳዎች ሕይወት የሚያሳየው ኪንግ ኦቭ ድራጎን ፓስ የተባለ የኮምፒዩተር ጨዋታ ይህን ቅራኔ አይሸፋፍንም። ተጫዋቹ የሚመራው አንድን ጀግና ሳይሆን መላውን ጎሳ ነው። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ስለ ቅድመ አያቶቹ ተከታታይ ጥያቄዎች ይቀርቡለታል፤ የጎሳው ጥንተ ጠላት ማን እንደሆነና ጎሳው ባሪያ ይይዝ እንደሆነ ይጠየቃል። በዚያ ወቅት የሰጠው መልስ ከብዙ የጨዋታ ዓመታት በኋላ ተመልሶ ይመጣበታል። አባቶች የመረጡትን ልጆች ይወርሱታል፤ ወይም ዋጋ ከፍለው ይለውጡታል። በ2018 የወጣው አዲሱ የሩንኩዌስት ቅጂም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርይውን ከመፍጠሩ በፊት የአያቱንና የወላጁን ታሪክ በዳይስ እየጣለ ያወጣል፤ በየትኛው ጦርነት እንደተሰለፉ፣ ማን እንደሞተና ማን እንደተረፈ ያውቃል። ሰው ራሱን ከማወቁ በፊት ወገኑን ያውቃል ማለት ነው።

የዘር ሐረግ በዚያ ዓለም የፖለቲካ መሣሪያም ነው። ግሎራንታ በራሷ ዘመን አቆጣጠር፣ በ1120 በድራጎኖች እልቂት ባዶ የቀረው ድራጎን ፓስ የተባለ ምድር ከረዥም ጊዜ በኋላ ከደቡብ በመጡ ስደተኛ ጎሳዎች እንደገና ሰፈረ። እርስ በርስ የሚዋጉትን ነገዶች አስታርቆ፣ ከተማና መንገድ ሠርቶ በአንድ መንግሥት ያሰባሰባቸው ሳርታር የተባለው ሰው ነው። ከርሱ በኋላ ንጉሥ ለመሆን የሳርታር ዘር መሆን ግድ ሆነ። በመሆኑም የጨረቃይቱ ግዛት ሠራዊት በ1602 ዋና ከተማውን ቦልድሆምን ሲይዝ፣ የንጉሡን ቤተሰብ አሳድዶ ማጥፋት ከወረራው ዓላማዎች አንዱ ነበር። ዘሩ ግን አልጠፋም፤ የኋለኛው ዓመፅ መሪዎች የተነሡትም ከዚያው ሐረግ ነው።

ሆኖም በግሎራንታ ዘር በደም ብቻ አይዘልቅም፤ ትረካውም መኖር አለበት። ጎሳው በበዓሉ ቀን የአማልክቱንና የአባቶቹን ገድል በሥርዓት ይደግመዋል፤ ደጋሚዎቹም በአፈ ታሪኩ ውስጥ ገብተው ኃይል ይዘው ይመለሳሉ ተብሎ ይታመናል። ስታፎርድ የፈጠረው አንድ ጥልቅ ምሳሌ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሁለተኛው ዘመን የአማልክት መርማሪዎች የሚባሉ ምሁራን የሕዝቦችን አፈ ታሪክ ሁሉ ሰብስበው፣ አወዳድረው፣ እንደ መኪና ክፍል ሊፈታና ሊገጠም የሚችል ነገር አድርገው አዩት። አዋቂነታቸውን ለመፈተንም የሁለት አገሮችን የምድር አማልክት እርስ በርስ አቀያየሩ። አዝመራው ከሸፈ፤ ምድሩ በረሃብ ተመታ። በመጨረሻም እነርሱ ራሳቸው ከነኃይላቸው ጠፉ። የትረካውን አሠራር አውቀው ነበር፤ ትረካው የሚያኖረውን ሕዝብ ግን አላወቁም።

የሚያስደንቀው የግሎራንታ የገዛ ታሪክ ይህንኑ ጥያቄ በእውኑ ዓለም ማንሣቱ ነው። በ1984 ሩንኩዌስት በውል ወደ አቫሎን ሂል ኩባንያ ተዛወረ፤ አዲሱ ቅጂም ግሎራንታን ወደ ጎን አድርጎ ምናባዊ አውሮፓን መነሻው አደረገ። ስለ ግሎራንታ የሚወጡት አዳዲስ ሥራዎች እየሳሱ ሄዱ። በሕግ ዓይን የጨዋታው ስም በአንድ እጅ፣ ዓለሙ በሌላ እጅ ነበር። ክፍተቱን የሞሉት የጨዋታው አፍቃሪዎች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ከ1989 እስከ 2002 ቴልስ ኦቭ ዘ ሪቺንግ ሙን የተባለ መጽሔት በአፍቃሪዎች ጥረት 20 እትም ወጣ። በሌስተር ከተማ በ1990ዎቹ በተደረጉት ጉባኤዎችም ብዙ ሰዎች ተሰብስበው በአንድ ጊዜ ድርሻ ይዘው ተጫወቱ። ከባለቤቶቹ ዘንድ ቸል የተባለው ዓለም በአንባቢዎቹ ዘንድ አደገ።

ግንኙነቱ ግን ሰላም ብቻ አልነበረም። ስታፎርድ በየጊዜው አዲስ ግኝት አለኝ እያለ፣ አፍቃሪዎቹ ለዓመታት የገነቡትን ዝርዝር በአንድ ጽሑፍ ያፈርስ ነበር። ይህ ድርጊት ከስሙ የተወሰደ መጠሪያ እስኪወጣለት ድረስ የታወቀ ሆነ። በ2000 ስለ ኦርላንት ጎሳዎች ከተጻፈውም ከፊሉ በኋለኞቹ ቅጂዎች ቀርቷል። በዚያ ላይ ጊዜውንና ላቡን ያፈሰሰ ሰው ቅር ቢሰኝ አይፈረድበትም። ማኅበረሰቡ ለዚህ ያገኘው መፍትሔ የእያንዳንዱ ጠረጴዛ ግሎራንታ ከሌላው የተለየ ይሆናል የሚል መርህ ነው። አንድ ጎሳ የአባቱን ገድል በራሱ አኳኋን እንደሚተርክ ሁሉ፣ እያንዳንዱ የተጫዋቾች ቡድንም ከታተመው ቃል ሳይነጠል የራሱን ሐረግ ይቀጥላል። ደራሲው የመጀመሪያው አባት እንጂ ብቸኛው ወራሽ አልሆነም።

ታሪኩ የተቋጨውም በዚሁ አቅጣጫ ነው። የቆዩትን መጻሕፍት መልሶ በማተም የጀመረው፣ በአፍቃሪዎች የተቋቋመው ሙን ዲዛይን የተባለ ድርጅት በ2013 የግሎራንታን መብት ገዛ። በ2015 ስታፎርድ ወደ ኬኦሲየም ሲመለስ የድርጅቱን አመራር የተረከቡትም እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስታፎርድ በጥቅምት 2018 በ70 ዓመቱ ሲያርፍ ትረካው ባለ አደራ አላጣም። ከ2019 ጀምሮም ማንኛውም አፍቃሪ ስለ ግሎራንታ የጻፈውን፣ ገቢውን እየተካፈለ ለሽያጭ የሚያቀርብበት ጆንስታውን ኮምፔንዲየም የተባለ መድረክ ተከፍቷል።

እርግጥ ነው፣ መብቱ ዛሬም በኩባንያ እጅ ነው፤ አፍቃሪው የሚጽፈውም በተፈቀደለት ክልል ውስጥ ነው። ቅራኔው አልተፈታም። ቢሆንም የ1984ቱ ውል ስሙን ወሰደ እንጂ ትረካውን ሊያንቀሳቅስ አልቻለም፤ ያንቀሳቀሱት የጋራ መሬት እንደሌለው ጎሳ በየአገሩ ተበትነው፣ ገድሉን በየጠረጴዛቸው የደገሙት ሰዎች ናቸው። የሕዝብን ትረካ የሚሰበስብ፣ የሚያስተምርና ወደ መድረክ የሚያወጣ የኪነ ጥበብ ሠራተኛ ሁሉ የአማልክት መርማሪዎቹን አዝመራ ሊያስታውስ ይገባዋል። ትረካን መዝግቦ ማስቀመጥ የሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ትረካው ወደሚኖርበት ሕዝብ ተመልሶ፣ በርሱ አፍ እንዲታረምና እንዲቀጥል መንገዱን ክፍት ማድረግ ነው።