ከሰባራ ድልድይ እስከ ሮዳ

ሞጣ ተወልዶ ቢቸና የተማረ ሰው ውቅያኖስ ምን አገባው? አራት ኪሎ ሳለን ይህን ያልጠየቀኝ የዶርም ጓደኛ አልነበረም። ያኔ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን ይኸውላችሁ።

አያቴ ስለ ክፉ ቀን ከእናቷ የሰማችውን ስታወራ፣ «መጀመሪያ በሬው አለቀ፤ ኋላ ሰማዩም ጨከነ» ትል ነበር። የበሬው ነገር ተጽፏል፤ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት ደስታ በሽታ አገሩን ያለ ጥማድ አስቀረው። ሰማዩስ? በጎጃም ያኔ ዝናብ የሚለካ ሰው የት ተገኝቶ!

የሚለካው ካይሮ ነበር። በሮዳ ደሴት የአባይ ከፍታ፣ መሃል መሃሉ ቢጎድልም፣ ከ622 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመዝግቧል። ከጮቄ የሚወርዱት ሙጋና ሱሃ፣ በሰባራ ድልድይ ሥር የሚያልፈውም ውኃ፣ እዚያ ደርሶ ተለክቷል። የእኛን ክረምት ግብፆች ጻፉልን፤ ያውም ለግብር ሲሉ። እ.ኤ.አ. በ1877 እና በ1888 ሙላቱ አነሰ። የ1888ቱ ክረምት በእኛ የ1880 ክረምት ነው።

ሁለቱም ኤል ኒኞ የተነሳባቸው፣ ሰላማዊ ውቅያኖስ በምድር ወገብ ግድም የሞቀባቸው ዓመታት ናቸው። የሱዳኑ ተወላጅ ኤልፋቲህ ኤልታሂር በ1996 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ከአባይ ዓመታዊ ፍሰት መለዋወጥ 25 በመቶው ከዚህ ጋር ይያያዛል።

ግን የዚያን ዘመን ውቅያኖስ ማን ለካው? መርከበኞች ናቸው፣ በባልዲ። የሸራ ባልዲ ስለሚተን ውኃው ሳይለካ ይቀዘቅዛል፤ ኋላ ወደ ሞተር ክፍል በሚገባው ቱቦ ሲለካ ደግሞ ትንሽ ይሞቃል። ይህን ማቃናት ብቻውን የስንት ሰው ዕድሜ በልቷል። ከዚያ ውቅያኖሱን በፊዚክስ ሕግ የሚያሰላ ሞዴል ይነዳል፤ ልኬት በተገኘበት ቦታና ቀን ስሌቱና ልኬቱ ይታረቃሉ። እንደ አገራችን ሽምግልና ነው፤ ሁለቱም ይሰማሉ፣ ግን የማንኛው ቃል ምን ያህል እንደሚታመን አስቀድሞ ይመዘናል። ልኬት በሌለበት ሞዴሉ ከጎረቤት ያገኘውን ይዞ ይቀጥላል።

አደጋም አለው። ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ 2,000 ሜትር ጠልቀው የሚለኩት የአርጎ ተንሳፋፊዎች መዝገቡ ውስጥ ሲገቡ፣ ውቅያኖሱ ድንገት የተለወጠ ሊመስል ይችላል፤ የተለወጠው ዓይናችን ነው። ዓይንም ይሳሳታል፦ በ1982 የሜክሲኮው ኤል ቺቾን እሳተ ገሞራ የረጨው ጭጋግ ሳተላይቶቹን ስላሳሳተ፣ ያ ታላቅ ኤል ኒኞ በጊዜው ሳይለይ ቆየ።

ታዲያ አያቴ ልክ ነበረች? ሮዳ ደጋውን በጅምላ እንጂ ቢቸናን ለብቻዋ አይነግረኝም። የ1888ቱ ውቅያኖስም የተሠራው ከጥቂት ባልዲ ነው። «ሰማዩም ጨከነ» የሚለውን ግን ማስረጃው ይደግፈዋል እላለሁ። ከበሬው ይልቅ ሰማዩ ገደለ አልልም፤ ቢዘንብስ በምን ሊታረስ?

ዛሬ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤታችን ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የጣቢያ ልኬትን ከሳተላይት ጋር እያዋሃደ፣ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለውን ዝናብ በየ4 ኪሎ ሜትሩ ሞልቶታል። ከዚያ በፊት ላለው ሳተላይቱ አይረዳንም። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም መምህሩ የጻፈው የቆየ የዝናብ ደብተር ያለው፣ ከቢቸናም ይሁን ከሞጣ፣ ለመገናኛችን ቀን ይዞልኝ ይምጣ፤ ኮፒ አድርጌ እዚያው እመልሳለሁ።