የተማሪ ጋዜጣና ባለቤቱ፦ ከስድስት ኪሎ እስከ ፕሌኖ

ከፕሌኖ ጋር በምትዋሰነው በሪቻርድሰን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ፣ በዚህ አካባቢ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ልጆቻችንን ከምንልክባቸው ከፍተኛ ተቋማት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ተማሪዎች በጋዛ ጦርነት ምክንያት በግቢው የተከሉትን የተቃውሞ ድንኳን ፖሊስ ሲያፈርስ፣ “መርኩሪ” የተባለው የተማሪዎች ጋዜጣ ድርጊቱን ዘገበ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ በሚመለከተው ቦርድ ውሳኔ ከኃላፊነቱ ተነሣ። ቦርዱ ደንብ ተጥሷል ሲል፣ አዘጋጆቹ ምክንያቱ ዘገባው ነው ብለው ሥራ አቆሙ፤ በ2025 መጀመሪያም “ሬትሮግሬድ” የተባለ፣ ከዩኒቨርሲቲው ቁጥጥር ውጭ የሆነ ጋዜጣ መሠረቱ።

ልጁ የጋዜጣ ክበብ መግባቱን የሰማ የኛ ትውልድ ወላጅ አስቀድሞ የሚናገረው “ትምህርትህ ላይ አተኩር” የሚለውን ነው። ይህ ሥጋት ከየት እንደ መጣ ለአንባቢያችን መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ይሁንና ከሥጋቱ ሥር ያለው ታሪክ በቅጡ የተመረመረ አይመስለንም።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ “ኒውስ ኤንድ ቪውስ”ን የተካው “ስትራግል”፣ ማለትም “ትግል”፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ልሳን ነበር። የጋዜጣው አባል መሆን ጽሑፍ መጻፍ ብቻ አልነበረም፤ በስቴንስል መተየብ፣ ማባዛት፣ ማደልም ነበረበት። በየካቲት 1957 ዓ.ም. “መሬት ላራሹ” ብሎ አደባባይ የወጣው ተማሪ፣ ከዚያ በኋላ ክርክሩን የሚያካሂድበት ዋና መድረክ ይህ ሆነ። ቋንቋው ግን በአመዛኙ እንግሊዝኛ ነበር። መሬት ሊሰጠው የተጠየቀለት ገበሬ የክርክሩ ርእስ እንጂ አንባቢው አልነበረም።

ኅዳር 8 ቀን 1962 ዓ.ም. “ስትራግል” የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ የነበረውን የዋለልኝ መኰንንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የተጻፈ ጽሑፍ አወጣ። ጥቂት ገጾች ብቻ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ግን የሚወደሱትም የሚረገሙትም እነዚያው ገጾች ናቸው። ገና ስድስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን፣ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። በማግሥቱም አስከሬኑን ይዞ በስድስት ኪሎ ግቢ በተሰበሰበው ተማሪ ላይ የክብር ዘበኛ ጦር ተኮሰ። ዋለልኝ ራሱ ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. አውሮፕላን ለመጥለፍ በተደረገው ሙከራ ከማርታ መብራህቱና ከሌሎች ጓዶቹ ጋር ሞተ።

የወላጆች ሥጋት መነሻ ይህ ነው። እኛ ግን ከዚህ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ውጭ አገር የሆነው ነው እንላለን። በሰሜን አሜሪካ የሚገኘው የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር መጽሔት “ቻሌንጅ” እ.ኤ.አ. በ1970 የብሔረሰቦችን ጥያቄ ከዋለልኝ በተለየ መንገድ መረመረ። መልሱ ከአልጀርስ “ጥላሁን ታከለ” በሚል የብዕር ስም ተላከ፤ ስሙ የተቀናበረው ከጥላሁን ግዛውና ከታከለ ወልደ ሐዋርያት ነው። የተላከው ግን ራሱን ችሎ በተዘጋጀ ጥራዝ እንጂ በዚያው መጽሔት ገጾች አልነበረም። በ1971 በሎስ አንጀለስ የተደረገው 19ኛው ጉባኤም በመከፋፈል ተፈጸመ። ንጉሠ ነገሥቱም ሆነ ሳንሱሩ በሌለበት አገር፣ የመናገር ነጻነት በሕግ በተጠበቀበት ምድር፣ ተቃራኒ አሳብ በአንድ ሽፋን ውስጥ ለማደር ቦታ አጣ። ጽሕፈት ክፍል መግባት መስመር መያዝ ሆኖ ነበርና ከመስመሩ የወጣ ሌላ ጽሕፈት ክፍል መክፈት ነበረበት። በ1969 ዓ.ም. በከተሞቻችን ጎዳናዎች ደም ያፈሰሱት ወገኖች እርስ በርስ የሚወጋገዙባቸው ልሳኖች አስቀድሞ ነበሯቸው፤ የጋራ ገጽ ግን አልነበራቸውም። (ጥፋቱን ሁሉ በጋዜጣ ላይ መጫን አይገባም፤ የመንግሥቱ ጠመንጃ ከማንኛውም ማባዣ መሣሪያ የከበደ ነበር።)

የሪቻርድሰኖቹ ወጣቶች የገጠማቸው ጥያቄ ጋዜጣው የማን ነው የሚለው ነበር፤ የራሳቸውን በማቋቋምም መልሰውታል። የኛው ትውልድ የራሱ የሆነ ጋዜጣ ነበረው፤ የጎደለው በዚያ ጋዜጣ ላይ “አልስማማም” የሚል ጓድ የሚጽፍበት ዓምድ ነበር። ልጁን ከክበቡ ሊያስወጣ የሚሻ ወላጅ፣ የዋለልኝን ጽሑፍ፣ የ“ቻሌንጅ”ን እትምና የአልጀርሱን ጥራዝ በአንድነት ይስጠው። በፕሌኖም ሆነ በሌላ ስፍራ ከነዚህ እትሞች ቅጂው በእጁ ያለ ሰው ቢኖር፣ ወረቀቱ ሳይፈራርስ አባዝቶ ከሦስቱም ወገን ያለውን በአንድ ማኅደር ያኑርልን።