የተዋሰው ልብስ፤ ስለ አሌክ ጊነስ

ዝነኛው እንግሊዛዊ ተዋናይ አሌክ ጊነስ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1914 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ተወለደ። በ1938 በኦልድ ቪክ ቴአትር ሐምሌትን ሆኖ ተጫወተ፤ በ1957 በወጣው «በክዋይ ወንዝ ላይ ያለው ድልድይ» በተባለው ፊልም ደግሞ የኦስካርን ሽልማት ተቀበለ።

ከዚህ ሁሉ ክብር ይልቅ ግን ለእኛ ትምህርት የሚሆነን አንድ ትንሽ ነገር ነው። በ1954 የወጣው «አባ ብራውን» የተባለው ፊልም በፈረንሳይ አገር በቡርጎኝ ሲሠራ፥ ጊነስ የካቶሊክ ካህን ልብስ እንደ ለበሰ በምሽት ወደ ማረፊያው ይመለስ ነበር። በመንገድም አንድ የማያውቀው ሕፃን «አባቴ» ብሎ እጁን ያዘና ያለ ፍርሃት እያወጋ ሸኘው። ጊነስም ፈረንሳይኛው ደካማ ስለ ነበረ፥ ሕፃኑን እንዳያስደነግጥ ዝም አለ። በካህናት ላይ የነበረው አሮጌ ጥርጣሬ ከዚያ በኋላ እየሳሳ ሄደ፤ በ1956 ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ በ2000 እስኪያርፍም ድረስ በዚያው ጸና።

ሕፃኑ ያመነው ተዋናዩን አይደለም፤ ያንን ልብስ ቀድሞ የለበሱት ካህናት በደግነታቸው ያተረፉትን ስም ነው እንጂ። እንግዲህ ልብሱን ለቴአትር የተዋሰ ሰው እንዲህ ከታመነ፥ ዘወትር የሚለብሰውማ ይህን አደራ እንዳያጎድል ምን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል!